ቀድሞ የሚደርሰው መብራት

ለንደን፣ ዊልስደን ያለችው ክፍሌ ብርድ ሲገባባት ማሞቂያውን እሰካለሁ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ሽታ አለ፤ የሙቀቱን ወራት ሙሉ የተኛበት አቧራ ሲቃጠል። ሌላ ሰው መስኮት ይከፍታል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አሸተዋለሁ። የመድረክ መብራት ሲሞቅ ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው እዚህ አጎቴ ጋ የመጣሁት። ትምህርት እንደሆነ ከእኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም፤ ኮሌጅ አስገብተውኝ ተሰለቻችተን በሰላም ተለያየን። ግን ልንገርህ፣ ያኔ ለንደን ላይ የመድረክ መብራት ፕሮግራም በማድረግ እኔን የሚያህል ሐበሻ አልነበረም። ሌላ ሐበሻ ስላልሞከረው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ያስተማረኝ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ያለ የአንድ ትንሽ አዳራሽ መብራት ሠራተኛ ነው፤ ራሰ በራ፣ ዝምተኛ ፈረንጅ። ወንበር ልደረድር ሄጄ መብራቶቹ በራሳቸው አንገታቸውን ሲያዞሩ አይቼ ደርቄ ቀረሁ። ጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። መብራቱን ትመርጣለህ፣ የት እንደሚያይ፣ በምን ቀለም፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ትነግረዋለህ፣ ሴቭ ታደርጋለህ። ቴአትሩ ሲጀመር ያንን ሁሉ በየተራ በአንድ ቁልፍ መልቀቅ ነው። «ሰው ይቅደም፣ መብራት ይከተል» ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ላይናገር ይችላል።

በኋላ የኛ ሰዎች እዚያው አዳራሽ የአማርኛ ቴአትር ሊያሳዩ ሆነ። ማንም ሳይጠይቀኝ መብራቱ የኔ ነው አልኩ። ዋናዋ ተዋናይ አገር ቤት መድረክ ላይ ያደጉ ሴትዮ ነበሩ፤ ካምደን ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። የጠፋ ልጇን የምትጠብቅ እናት ሆነው ይሠራሉ። መስኮቱ ጋ አንድ ንግግር አላቸው፣ ወንበሩ ጋ ሌላ፣ በሩ ጋ የመጨረሻው።

ልምምድ ላይ ግን ቃል ይጠፋባቸው ጀመር። መስኮቱ ጋ ይጨርሱና እዚያው ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ዳይሬክተሩ ቀን አውቶብስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኛን የሚነዳ ሰውዬ ነው፤ እንዲህ ከቀጠሉ በሌላ ሰው እንተካቸዋለን ማለቱን ሰማሁ።

አንድ ቅዳሜ የመብራቱን ፍጥነት ተሳስቼ ሴቭ አድርጌው ኖሮ፣ እትዬ መስኮቱ ጋ ሳሉ መብራቱ ትቷቸው ሄዶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ዳይሬክተሩ ጮኸ። እትዬ ግን ወንበሩን አዩት። ሄደው ተቀመጡ፤ ያ ስንት ቅዳሜ የጠፋው ንግግር እንደ ውሃ ወረደላቸው።

እረፍት ላይ ደረጃውን ይዘው እኔ ጋ፣ መብራቱን ወደምቆጣጠርበት ሰገነት ወጡ።

«ልታስተካክለው ነው?»

«አዎ እትዬ፣ ትንሽ ስህተት ናት።»

«ተዋት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቃሉ እየከዳኝ ነው ልጄ። ሐኪሙም ነግሮኛል። የምሄድበትን ሳይ ግን ይመጣልኛል። ይቺን አንዷን ልጨርሳት፤ ለማንም አትንገር።»

ለራሴም አልነግረውም አልኳቸው። አንተ ቀጣፊ ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ሙሉውን እንደገና ፕሮግራም አደረግኩት። በየቦታው መብራቱ ቀድሞ ይደርስና ይጠብቃቸዋል፤ ፊታቸው እንዳይጨልም ደግሞ ትንሽ ብርሃን ኋላ አስቀርላቸዋለሁ። ይሄንን ራሰ በራውም አላስተማረኝም። ዳይሬክተሩ ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ ትኬት በምትቆርጠው ልጅ ፊት ጭምር፣ «አንደኛ ነኝ ያልከው አንተ ነህ? መብራትህ ምን አባረረው?» አለኝ። ለልጅቷ ስለ ራሴ ስንት ነገር አውርቼላት ነበር መሰለህ። ዝም አልኩ። እኔ፣ ዝም። እናቴ ብትሰማ ታሟል ትል ነበር።

የቴአትሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። መስኮቱ አለፈ፣ ወንበሩም አለፈ። ከዚያ መብራቱ በሩ ጋ ሄደ፤ እትዬ ግን አልሄዱም። መሃል ላይ ቆመው እጃቸውን ያያሉ። ከተመልካቹ መሃል አንድ ሕፃን ሲያስል ተሰማ። ፊት ወንበር ላይ ያለችው ልጃቸው ብድግ አለች።

ፕሮግራሙን ተውኩት። መብራቱን በእጄ መልሼ እግራቸው ሥር አመጣሁና ቀስ እያልኩ ወደ በሩ ሳብኩት፣ ልክ ሰው እጅ ይዞ እንደማሻገር። መሬቱን አዩ። አንድ እርምጃ ሄዱ፤ መብራቱን አቆምኩላቸው፤ ደግሞ ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቀና አሉና «ግባ ልጄ፣ አልዘጋሁትም» አሉ። የመጨረሻዋ ቃል እሷ ነበረች። ሰው እያለቀሰ ተነሣ።

ስንወጣ አንዱ ለሚስቱ ቴአትሩስ ግሩም ነው፣ መብራቱ ግን ይቸኩላል ሲላት ሰማሁ። ትኬት ቆራጯ ልጅ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ደውላ ናና እያቸው አለችኝ። ሄድኩ። የማን ልጅ ነህ አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ አላወቁኝም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጉራዬን ጀመርኩ።

«አንድ ተዋናይ ነበሩ፣ እትዬ። ለንደን ላይ እንደሳቸው ያለ አልታየም። አንድ ቃል እንኳ አልሳቱም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«እኔም ልጅ ሳለሁ እንደሳቸው መሆን ነበር ምኞቴ» አሉ።