ወገቡ የሚታጠፈው ትራክተርና የአባቴ የሽመና ቤት

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ መልስ የእህቴ ልጅ ናትናኤል ምሳ ሊበላ ቤቴ መጣ። የእርሻ መሣሪያ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሻጭ ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ ወሬው ሁሉ ትራክተር ሆኗል። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ትራክተር ስነዳና መንዳት ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝና ጨዋታው አይሰለቸኝም። ሽሮው እስኪንተከተክ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ሦስት ግዙፍ ትራክተሮች፣ ሦስቱም በአራት ጎማ የሚጎትቱ፣ ተራ በተራ ሜዳ ላይ ይዞራሉ። አንደኛው የፊት ጎማዎቹን ብቻ ያዞራል። ሁለተኛው የፊቱንም የኋላውንም ያዞራል። ሦስተኛው ግን ጎማዎቹ ቀጥ እንዳሉ ናቸው፤ እሱ የሚታጠፈው መሀል ወገቡ ላይ ነው።

ናትናኤል ሦስተኛውን በጣቱ እያሳየኝ «አክስቴ፣ መዞር አቅቶት የአያቴን የሽመና ቤት ያስፈረሰው እንዲህ ያለው ነው አይደል?» አለኝ።

ጭልፋውን አስቀመጥኩ።

«ማነው እንደዚያ ያለህ?»

«ሁሉም ነዋ። እማዬም ትራክተሩ አላልፍ ብሎ ነው ቤቱ የፈረሰው ትላለች።»

እናቱ፣ ታናሽ እህቴ፣ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች፤ አልፈርድባትም። ግን ደሜ ፈላ። ያንን ቤት ያፈረሱት ሰዎች የተናገሩት ውሸት ስንት ዘመን ተሻግሮ በራሳችን ቤት፣ በራሳችን ልጅ አፍ ሲነገር ሰማሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኛ እውነት እያደር ነው የደፈረሰው። ስለዚህ ምሳው ይቆይ ብዬ ከሥሩ ነገርኩት፤ ለሌላውም ሰው ይሁን ብዬ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ጉለሌ ውስጥ፣ አንድ ጠባብ ኮረኮንች መንገድ ድንገት ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ገደል ነው፤ ከታች ከእንጦጦ የሚወርደው ጅረት ይሄዳል። ከወዲህ በኩል፣ ልክ እጥፋቱ ውስጥ፣ የአባቴ የሽመና ቤት ጥጉን ወጣ አድርጎ ቆሟል። የምንተኛበት ክፍል ከእሱ ኋላ ነው።

አባቴን ሰፈሩ ጋሽ ኦይቻ ይለው ነበር። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነው። መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር መዝሙር በሆዱ ይዘምራል፤ ዘመኑ የደርግ ነው፣ ጮክ ብሎ የሚዘመርበት አልነበረም። የሽመና ቤት ዋናው ነገር ጣሪያውም ግድግዳውም እንዳይመስላችሁ። ዋናው ጉድጓዱ ነው። ሸማኔ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው መርገጫውን የሚረግጠው፤ ጉድጓዱም በእግሩ ልክ ይቆፈራል። ከጠለቀ ወገብ ይቀጣል፣ ካነሰ ጉልበት ይጨርሳል። የአባቴን ጉድጓድ የቆፈረለት አባቱ ነው። ቁመቱ መጨመር ባቆመ ጊዜ አስቀምጦ፣ እግሩን ለክቶ፣ እያስተካከለ። ድሩንና እንጨቱን ነቅለህ ሌላ ቦታ ትተክላለህ፤ ጉድጓድ ግን ተሸክመህ አትሄድም።

እኔ ሽመናውን አልተማርኩም፤ በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ደርግ ሴቶችም ትራክተር ይንዱ ብሎ ሲያውጅ ግን ከቤታችን በላይ ያለው የመንግሥት ጋራዥ ለሥልጠና ከመዘገባቸው ልጃገረዶች አንዷ ሆንኩ። ለመንግሥት እርሻዎች የሚላኩ ትራክተሮች በክፍል በክፍል ተጭነው መጥተው እዚያ ይገጣጠማሉ። ቱታዬን ለብሼ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ፣ ጠዋት ጠዋት በባሕር ዛፍ ጢስና በብርዱ መሀል ዳገቱን ስወጣ የጎረቤት ሴቶች «ኧረ አስቴር፣ ወንድ ሆነሽ ቀረሽ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ጋራዡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትልልቅ ትራክተሮች ነበሩ። አሮጌዎቹ መሪው የፊት ጎማዎቹን የሚያዞርላቸው ናቸው። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ጨዋ ናቸው፤ አይወላገዱም፣ መንገድ ላይ ሲፈጥኑም ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ክፋታቸው መታጠፊያ ላይ ነው። የፊት ጎማው የዞረበትን መንገድ የኋላው አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ያቋርጣል። ፊቱ አለፈልኝ ብለህ ስትደሰት የኋላው አጥር ይዞብህ ይሄዳል። አዲሶቹ ደግሞ ፊትና ኋላቸው እኩል ግዙፍ ጎማ ያላቸው፣ መሀላቸው በማጠፊያ የተያያዘ ናቸው። መሪውን ስታዞር ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋና ትራክተሩ ከነአፍንጫው ይታጠፋል። እነዚህም ነውር አላቸው። ፈጠን ካሉ እንደ ሰካራም ይወዛወዛሉ፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ወገቡ መሀል የቆመ ሰው ደግሞ ለነፍሱ ይስጋ። ግን የኋላ ጎማቸው የፊቱን ዱካ ረግጦ ነው የሚያልፈው። አፍንጫው ባለፈበት ጅራቱ ያልፋል። ይህ የእኔ አስተያየት አይደለም፤ ሥራዬ ብሎ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

በዚያ ክረምት ከጋራዡ ወደ አስፋልት የሚያወጣውን የላይኛውን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። ለአብዮቱ በዓል ትራክተሮች በሰልፍ ይውጡ ተብሏል፤ የቀረው መንገድ በእኛ ደጅ የሚያልፈው ብቻ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በላቸው ከጋራዡ ኃላፊ ከኢንጂነር ታዬ ጋር መጥተው እጥፋቱን አዩት። መጀመሪያ የታሰቡት አሮጌዎቹ ትራክተሮች ነበሩ። ለእነሱ እውነትም መንገዱ አይበቃም፤ የኋላ ጎማቸው የሽመና ቤቱን ጥግ ይዞ ነው የሚሄደው። ሊቀመንበሩ ቤቱ ይነሳ አለ።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ቢሮ ገባሁና «አዲሶቹን እንውሰድ፤ አንድም ድንጋይ ሳይነካ ያልፋሉ፤ እኔ ራሴ እነዳለሁ» አልኩት። ሰውየው ደግ ነበር፣ ይህን አልክደውም። እጥፋቱን በገመድ ለካን። ጋራዡ ግቢ ውስጥ በበርሜል ደገምነው፤ በቤቱ ጥግ ቦታ አንድ ባዶ በርሜል ቆመ። ሊቀመንበሩም ተጠርቶ መጣ። አሮጌውን ነዳሁት፤ የፊቱ ጎማ አለፈ፣ የኋላው በርሜሉን ገጭቶ አንከባለለው። ከዚያ አዲሱን አመጣሁ። በቀስታ ታጠፈ፣ አለፈ። በርሜሉ እንደቆመ ነው። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ፣ ሊቀመንበሩም አብሮ አጨበጨበ። ኢንጂነሩ እዚያው «በቃ፣ አዲሶቹ ይወጣሉ» አለ። እኔ እየበረርኩ ቤት ሄጄ ለአባቴ አበሰርኩ።

ጳጉሜ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ካፊያ እየጣለ የቀበሌው ወጣቶች ዶማና ገመድ ይዘው ደጃችን ቆሙ፤ ሊቀመንበሩም ከፊታቸው። ኢንጂነር ታዬም ጥላ ይዞ ከኋላ አለ። እኔ መጀመሪያ ተሳስተው የመጡ መስሎኝ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በዓይንዎ አይተው የለም እንዴ?» አልኩት።

«አይቻለሁ፣ ጓድ አስቴር። ግን መንገዱን ያጠበበው ቤት ተነስቷል ብለን ለበላይ አካል አሳውቀናል። አሁን ተመልሰን አልተነሳም ልንል ነው?»

«ታዲያ እውነቱን ንገሯቸዋ። መነሳት አላስፈለገውም በሏቸው።»

ፊቱን ወደ ወጣቶቹ መለሰ። ወደ ኢንጂነሩ ዞርኩ። «ኢንጂነር፣ እርስዎ ይናገሩ እንጂ። ይህን ያህል አብረን ለክተን።»

ጫማውን እያየ «በቴክኒክ በኩል ልክ ነሽ። ውሳኔው ግን የቴክኒክ አይደለም» አለ።

ይህች ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ ቆሽቴን ታሳርረዋለች። ባያውቁ ኖሮ ምን ነበረበት። ያላወቀ ሰው ይሳሳታል፣ ይማራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። እነዚህ ግን አንድ ቃል ላለማጠፍ ብለው የሰው ቤት አፈረሱ። እንዴት ያለ ዓይን አውጣነት ነው?

አባቴ አልተከራከረም። ለእንቁጣጣሽ የታዘዘ ጋቢ ግማሽ ደርሶ እንጨቱ ላይ ተወጥሯል። «ይህችን ልጨርስ፤ ከዚያ ቤቱን ራሴ አፈርሰዋለሁ» አለ። ሊቀመንበሩ «አብዮቱ ጋቢ አይጠብቅም፣ ጋሽ ኦይቻ» አለው። አባቴ ምላጭ አምጪልኝ አለኝ። ሰጠሁት። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን እንዳደረገ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ድሩን ቆረጠው። በቆረጠ ቁጥር ክሩ ላላ እያለ ይወድቃል። ሸማኔ የራሱን ድር በምላጭ ሲቆርጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጣሪያው ወረደ፣ ግድግዳው ተናደ። ጉድጓዱ ብቻ ሰማይ እያየ ቀረ።

በበዓሉ ቀን አንገቴ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው አዲሱ ትራክተር ላይ አወጡኝ። እምቢ ብል ምን ይመጣ እንደነበር የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። ግን አንድ ነገር ወስኜ ነበር፦ ያፈረሱትን ቦታ በጎማዬ አልረግጥም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ በየደጁ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፣ ሰፈርተኛው ወጥቶ ቆሟል። እጥፋቱ ጋ ስደርስ ማርሽ ቀነስኩ፤ መሪውን በዝግታ አዞርኩ። ትራክተሩ ወገቡን ሰበር አደረገና በአሮጌው መንገድ ላይ፣ ድሮ በነበረው ስፋት ብቻ፣ ዞሮ አለፈ። አባቴ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ አየኝ። ከኋላዬ የነበሩትም አብረውኝ የሠለጠኑ ልጆች ነበሩና ዱካዬን ይዘው አለፉ።

ሊቀመንበሩ ምን እንዳለ በሞተሩ ጩኸት አልሰማሁም፤ ማታ አባቴ ነው የነገረኝ። ለሰፈርተኛው «አያችሁ፣ ባናሰፋው ኖሮ በየት በኩል ያልፍ ነበር?» አለ። ሰውም እውነት ነው እያለ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

አባቴ እጄን ይዞ ወደ ጭቃው ወሰደኝ። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ዱካ ብቻ ነው ያለው፤ የኋላው ጎማ የፊቱን ረግጦ አልፏል። ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ተንበርክኮ፣ ግድግዳው ከነበረበት መሠረት አንስቶ እስከ ጎማው ዱካ ድረስ በክንዱ ለካ። «ክንድ ከስንዝር ይተርፍ ነበር» አለ። በማግስቱ ዝናብ ዘነበና ዱካው ጠፋ። ጥቅምት ላይ የላይኛው ድልድይ ተጠገነ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ትራክተር በደጃችን አላለፈም።

አባቴ ወደ ሸማኔዎች ማኅበር አዳራሽ ገባ። የደረሰው ጉድጓድ ለአጭር ሰው የተቆፈረ ነበር፤ እንዳያጠልቀው ወለሉ የጋራ ነው ተባለ። ጥቂት ዓመት ጉልበቱ አገጩ ድረስ እየመጣ ሸመነና ጉልበቱ እምቢ አለው። ከዚያ ወዲያ መወርወሪያ አልያዘም። ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ አላፊ አግዳሚው «ያኔ ትራክተሩ አላልፍ ብሎ ቤትዎ የፈረሰ ጊዜ» እያለ ያወራዋል። መጀመሪያ ያርማቸው ነበር። በኋላ ተወው። በመጨረሻ እኔኑ «እውነት ግን ያልፍ ነበር?» ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ኢንጂነር ታዬን አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። እሱ ራሱ ነው ያነሳው። «የዚያ የአባትሽ ቤት ነገር ያሳዝነኛል፤ ያለ ምክንያት ነው የፈረሰው» አለኝ።

«አባቴ በሕይወት አለ። ቤቱ ከዚህ ሩቅ አይደለም። መጥተው ይህንኑ ይንገሩት» አልኩት።

«እመጣለሁ» አለ። አልመጣም። እንደገና ላክሁበት፤ ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል የሚል መልስ ላከ። ለእሱ አልፏል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አባቴ ሊሞት ሲል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጠየቀኝ፤ ያልፍ ነበር አባዬ አልኩት። ፈገግ ብሎ «አንቺማ ልጄ ነሽ፣ ትያለሽ። ከእነሱ አንዱ ቢለኝ ነበር» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ቤት መልሱልኝ አላለም፣ ጉልበቴን ካሱኝ አላለም።

ናትናኤል ሰምቶ ሲጨርስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አክስቴ፣ ይህን ያህል ዘመን መናደድ አይደክምም?» አለኝ። ይደክማል። ግን ቁጣዬን ብተወው የሊቀመንበሩ ወሬ ብቻ ነው ሜዳ ላይ የሚቀረው፤ ይኸው የእኔው የእህት ልጅ ድረስ ደርሶ የለ? ከእነሱ አንዱም ለአባቴ ቃሉን ሳይሰጥ ሁሉም አለቁ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የልጅ ምስክርነት ነው የሚል ይበል። መሪውን የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ፦ ያልፍ ነበር።