አባቴን በወረቀት የገደልኩበት ብዕር

ወገኖቼ፣ ውስጤ ታምቆ የቆየ ነገር አለና ዛሬ ሳልናገረው ወደ ቤቴ አልመለስም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «አቶ ደምሴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። እኔ አምስት ደቂቃ ለመግቢያ እንኳ አይበቃኝም! ጌታ ይባረክ! ሰዓታችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ስሙኝ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ እወቁ። መካነ ሰላም ላይ፣ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ነበረኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ግራው ዓምድ አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ የጣለውን እየለቀምኩ ግራውን ከቀኙ እያስተያየሁ ስምንት ዓመት ተማርኩ። ዳኛ አንቀጽ ሲጠፋው ወደ መስኮቱ ብቅ ብሎ «ደምሴ፣ ስንተኛው ነበር?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ታዲያ እኔ በጻፍኩት ወረቀት ላይ ደህና ሰው አልነበረም። ሴቷ ሁሉ ባሏ የሞተባት፣ ወንዱ ሁሉ አባቱ የሞተበት፣ ሁሉም «ከክቡርነትዎ እግር ሥር ወድቄ» የሚል ነበር። ሹም የሚወደው እንዲያ ነው። እኔም ውሸቱን እያሳመርኩ እንጀራዬን በላሁ። እግዚአብሔርንማ ለደብዳቤ መዝጊያ ካልሆነ በቀር አልጠራውም ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ረሃብ መጣ። ከአቀስታ ወዲህ ካለው ደጋ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ከተማ ይወርድ ጀመር። ክሊኒኩ ውስጥ አልማዝ የምትባል፣ ቁስል የምታጥብ መርፌ የምትወጋ ድሬሰር ነበረች፤ የደሴ ልጅ ናት፣ ጌታን የምታውቅ፣ ምላሷ የሚናደፍ። አንድ ቀን ከውጭ አገር በፖስታ የመጡላትን ሁለት የትምህርት ቤት መግለጫዎች ሰጠችኝ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ሁልጊዜ ‹እኔ ብማር ኖሮ› ይላሉ። ይኸው፣ ይማሩ» አለችኝ።

አንደኛው አውሮፓ ነው፤ ስለ መንግሥት ፖሊሲ በከፍተኛ ደረጃ የሚያስተምር። ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፣ ግን የአንድ ባለሥልጣን የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል። ሁለተኛው ህንድ ነው፤ ስለ ገጠርና ስለ አገሮች ልማት። እርሱ «ዲግሪ፣ ወይም ዲግሪን የሚተካ የሥራ ልምድ» ይላል፤ ሥራህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይጻፉልህ ይላል። ወገኖቼ፣ እኔ ደምሴ የቱን የምመርጥ ይመስላችኋል? አውሮፓን ነዋ! ስለ ትምህርቱ አንድ መስመር ሳላነብ የሕንፃውን ሥዕል አይቼ መረጥኩ።

ፎርሙ «ለምን መማር ፈለግህ?» ይላል። ቁጭ ብዬ በእንግሊዝኛ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። አልማዝ አንብባ ስትስቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ? ‹አባቴ ሞቶብኝ፣ ወላጅ አልባ ሆኜ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ...› አባትዎ ባለፈው ወር ገበያ መጥተው የለም እንዴ?»

«ማመልከቻ ላይ የሁሉም አባት ሙት ነው» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። «እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ምን ያህል እንደተጎዱ አይደለም። ምን እንደሠሩና ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ነው። ደግሞስ እግዚአብሔር ይህችን እጅ የሰጠዎት አባትዎን እንዲቀብሩባት ነው?»

ተናደድኩ። ወረቀቴን ነጥቄ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ሸህ ሙሔ ጠሩኝ። ሸህ ሙሔ በደጋው ቁርአን የሚያቀሩ፣ የሚያስተምሩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሰማቸው ሰው ናቸው። «ደምሴ፣ ሰዉ በሩን ዘግቶ እየሞተ ነው። መለመን አፍሮ። ና፣ አይተህ ጻፍልን» አሉኝ። እርሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ተከትያቸው ወጣሁ። ከቤት ቤት ዞርን። የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ጻፍኩ። አባቴንም እዚያው ደጋ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ከመደቡ ላይ መነሣት አቅቶት አገኘሁት። ሸህ ሙሔ በቅሏቸውን ለእርሱ ሰጡና አብረውኝ በእግራቸው ወረዱ። «አላህ ይስጥልኝ» ያልኳቸው ያኔ ከልቤ ነው። የጻፍኩትን ማመልከቻ ገበሬዎቹ አስቀድመው በአውራ ጣታቸው ፈርመውበታል።

ይዤው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሹም ገባሁ። ስሙን አልጠራም። አነበበና በሩን ዘጋ።

«ደምሴ፣ አንተ ብልህ ሰው ነህ። አውሮፓ መማር ትፈልጋለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ደብዳቤህን እፈርማለሁ። ይህን ግን ውሰድና አስተካክለህ ጻፈው። ዝናብ ትንሽ ዘግይቷል፣ ሕዝቡ ደህና ነው፣ የሞተ የለም በል። ጃንሆይን በዚህ ማስደንገጥ ምን ያደርጋል?»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እምቢ አላልኩም! ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። ስንት ዓመት በሕይወት ያለውን ሰው ስገድል ኖሬ፣ አሁን ደግሞ የሞተውን በሕይወት አለ ብዬ ጻፍኩ። ያማረ ጽሑፍ ነበር። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ነገ ላስረክብ።

ነገ አልደረሰልኝም። ከደጋ ይዤው የወረድኩት ተስቦ ጣለኝ። ትኩሳቱ አናቴን ፈለጠው፣ ቀኝ እጄ ደረቀ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ከደሴ የመጣ ሐኪም አየኝና፣ የማልሰማ መስሎት፣ ለአልማዝ «ልቡ ደክሟል። ዘመድ ካለው ይጠራ» አላት። ሰምቻለሁ! እንግሊዝኛ ተናግሮ ሊያመልጠኝ?

አልማዝ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ጋሼ ደምሴ፣ አብሽሩ፣ አይዞዎት። የሚፈውስ አለ። ግን ኪስዎ ውስጥ ያለውን አይቼዋለሁ። እርሱን ይዘው ወዴት ነው የሚሄዱት?»

አለቀስኩ። እኔ፣ ደምሴ! «ጌታ ኢየሱስ ሆይ» አልኩ፣ «በሕይወቴ ለስንቱ በወረቀት ተንበረከክሁ፤ ለአንተ አንድ ቀን አልተንበረከክሁም። ይቅር በለኝ፣ ግባና ጌታዬ ሁን። ይህችን እጅ ከመለስክልኝ ሐሰት አልጽፍባትም።» አልማዝ እጇን ጫነችብኝና ጸለየች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ። ሐኪሙ ሲመለስ ተቀምጬ አጥሚት ስጠጣ አገኘኝ። «ይህ ሰውዬ ያ ነው?» አለ። ያ አይደለሁም! ሃሌ ሉያ! ያኛው ሰውዬ ሞቷል!

በዱላ ተደግፌ ወደ ሹሙ ሄድኩ። ያማረውን ወረቀት አወጣሁና ፊቱ ቀደድኩት።

«ምን ነካህ አንተ? ያለ እኔ ፊርማ የት ልትደርስ?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ካሉበት ክፍል ውጭ ዓለም አለ» አልኩት።

«ከዚህ ባሕር ዛፍ ሥር ነው የምትሞተው!»

«ብሞትም ቆሜ ነው። ከእግርዎ ሥር የሚል ቃል ከእንግዲህ ከእኔ ብዕር አይወጣም።»

እውነተኛውን ማመልከቻ ይዤ በጭነት መኪና ደሴ ወረድኩ። ሰባት ቀን በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ሲያባርሩኝ እየተመለስኩ፣ ለሚመለከተው ሁሉ አነበብኩ። እህሉ ዘግይቶ መጣ፤ ለብዙዎች ዘግይቷል፣ ይህን አልሸፋፍንም። ግን አቀስታ ደረሰ። አባቴም ከዚያው እህል በላ።

ከዚያ የህንዱን ፎርም አወጣሁ። መግለጫውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። የሚያስተምሩት እህል ከተራበ ሰው ዘንድ ለምን እንደማይደርስ ነው። የእኔ ትምህርት ይህ ነበር፤ እኔ ግን ሕንፃ ስመርጥ ከርሜአለሁ! ሁለት ገጽ ብቻ ጻፍኩ። አባቴ በሕይወት አለ አልኩ። የሠራሁትን ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ዘረዘርኩ፤ የጠየቁት እርሱን ነው፣ ለእኔ ደግሞ ይህን የመሰለ ቀላል ጥያቄ የለም! ሸህ ሙሔ ምስክርነታቸውን በዓረብኛ ጻፉ፤ በአማርኛ ነገሩኝና እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ሁለተኛውን አልማዝ ጻፈች። «ትዕቢተኛ ነው፤ ነገር ግን አሁን አይዋሽም» ብላለች። አነበብኩትና እንዳለ ላክሁት።

የተቀባይነቱ ደብዳቤ ሲመጣ አብዮቱ ፈንድቷል። ሹሙ የለም፤ ወንበሩ ላይ ኮሚቴ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው።

«ጴንጤ ነህ አሉ?»

«ነኝ።»

«ከውጭ ደብዳቤ ትቀበላለህ። ሃይማኖቱን ተው፣ የመውጫ ወረቀትህ ዛሬውኑ ይፈረማል።»

«ጓድ፣ ዘገየህ» አልኩት። «ከአንተ በፊት የነበረውም በፊርማ ሊገዛኝ ሞክሯል። ያኔ ዋጋ ነበረኝ። አሁን የምሸጥ አይደለሁም፤ ተገዝቻለሁ፣ የገዛኝም አይመልሰኝም።»

ሁለት ወር አሰሩኝ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ግቢው በሰው ሞላ። ሸህ ሙሔ ገበሬዎቹን ይዘው ከደጋ ወርደው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ሊቀመንበሩ «ምን ፈለጋችሁ?» ቢላቸው ሸህ ሙሔ «ስማችንን የጻፈልንን ሰው ስጡን፤ አብዮቱ ለተራበው ሕዝብ ነው ካላችሁ፣ የተራብነው እኛ ነን» አሉት። «ወላሂ» ብለው ሲምሉ ግቢው ተናወጠ! ሊቀመንበሩ በሩን አስከፈተ። እኔም ወጣሁ፤ ወረቀቴም ተፈረመ፤ አንዲት ቃል ሳልክድ! ክብር ለስሙ ይሁን!

ወገኖቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ በር ተዘግቶባችሁ ተቀምጣችኋል። ቁልፉን ይዣለሁ የሚል ሰው ፊት እየተርበተበታችሁ ነው። ቀና በሉ! እኔን ያነሣውን ጌታ እመኑት፤ እውነቱን ጻፉና ቁሙ። እኔ አርጅቻለሁ፣ እጄ ግን ዛሬም አይንቀጠቀጥም። በዚህች እጅ፣ በጌታ ብርታት፣ የሠራሁትን ልቁጠርና ልውረድ።

ህንድ ሄጄ ባለዲግሪዎቹ መካከል ተቀምጬ ጨረስኩ፤ አንደኛ ባልወጣም ሁለተኛ ወጥቻለሁ።

«እዚሁ ቅር» ሲሉኝ እምቢ ብዬ ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ሦስት የእህል ጎተራ አሠራሁ፤ ሁለቱ ዛሬም ይሠራሉ።

ሁለት ጊዜ ደግሞ ታስሬ ሁለቱንም ጊዜ ሳልክድ ወጣሁ።

በሰባት ሰው የጀመርነው ጸሎት ዛሬ ይህን አዳራሽ ሞልቶታል።

ፎርማቸውን አብሬያቸው አይቼ በዚሁ የልማትና የፖሊሲ ትምህርት ወደ ውጭ የላክኋቸው የዚህ አገር ልጆች አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ አንዳቸውንም በሕንፃው ሥዕል ትምህርት ቤት አላስመረጥኩም።

ሃያኛዋ ይህችው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን የደፋችው የሸህ ሙሔ የልጅ ልጅ ከድጃ ናት። ቀና በይ ልጄ! የከድጃ ፎርም ትናንት ተሞልቶ አልቋል፤ አራት ጊዜ አስደግሜአታለሁ፤ አንድም ልመና የለበትም።