ወንድሜ ከዳዊት ጀርባ

ታላቅ ወንድሜ ሚስቱን መንጋጋዋ ላይ በቡጢ መትቶ ሆስፒታል ካስተኛት በኋላ፣ የፊቷ እብጠት ገና ሳይጎድል አባቴ ሽማግሌዎችን ለዕርቅ ምሳ ጠሩ። ወቅቱ በዓለ ኀምሳ ስለነበር ጾም የለም። እናቴና እኔ ከማለዳ ጀምሮ ዶሮ ስንሠራ አረፈድን። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በበሩ ስንጥቅ እየገባ እሳቱን ያወዛውዘዋል። ሽንኩርቱን እያማሰልኩ፣ ይህ ሁሉ ድግስ ለማን ደስታ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ወንድሜን ደብረ ታቦር የሚያውቀው በስብከቱ ነው። በሥራ ቀን ከረቫት አድርጎ ቢሮ የሚውል ሰው ነው፤ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲቆም ግን ድምፁ ይለወጣል፣ ሴቶች የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። አባቴ በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ ጠዋት ዳዊት ሳይደግሙ ውኃ የማይቀምሱ ሰው ናቸው። በዚህ ልጃቸው ይኮሩበታል። ሚስቱ የእብናት ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ከዚያ በፊትም እንደሚመታት እናውቅ ነበር። ማወቅ ብቻ ነበር ሥራችን።

የነፍስ አባታችን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። የወንድሜን ሚስት ሳይሆን እንግዶቹን ነው ሁሉም የተነሣላቸው፤ እሷ ግማሽ ፊቷን በነጠላ ሸፍና በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። አፏ በደንብ ስለማይከፈት ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ የምትወስደው አጥሚት ብቻ ነው። ይህን ቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ቢሆንም መሶቡ ቀረበ፣ ተባረከ፣ ተበላ። የማኘኩ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የነፍስ አባታችን አጥንት ሲግጡ ቅባቱ በጢማቸው ይወርድ ነበር፤ ልጅ ሆኜ የተሳለምኩት እጅ ያን ቀን አስጠላኝ።

መሀል ላይ ከዶሮውና ከእንቁላሉ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ እሷ ዘረጉ።

«ብይ ልጄ፣ ይህ የሰላም ጉርሻ ነው።»

እሷ ራሷን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። «አባ፣ አልችልም» አለች።

«የአባን እጅ አትመልሺ» አሉ አባቴ ከወዲያ ሆነው።

ጉርሻውን በመዳፏ ተቀበለችው። አልበላችውም፤ ዝም ብላ ያዘችው። ወጡ በጣቶቿ መሀል እየሾለከ ወደ ክንዷ ወረደ። እኔ ጠላ የያዝኩበትን ማንቆርቆሪያ ይዤ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ማንም ወደ ክንዷ አላየም።

ከዚያ ምክሩ ተጀመረ። የነፍስ አባታችን እጃቸውን ታጥበው፣ ኖኅ ሰክሮ ራቁቱን እንደተኛ፣ ያዕቆብ አባቱን እንዳታለለ፣ ዳዊትም የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ኦርዮን እንዳስገደለ ተናገሩ። «እነዚህ ሁሉ የእግዚአብሔር ሰዎች ናቸው። ወድቀዋል፤ ግን አልተጣሉም። ባልሽ ከዳዊት አይበልጥም» አሏት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሜም ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ተነሥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እኔም እንደ ዳዊት በድያለሁ» አለና አለቀሰ።

ያን ልቅሶ አውቀዋለሁ። ዐውደ ምሕረት ላይ ስለ ጎልጎታ ሲናገር የሚያለቅሰው ያንኑ ነው፤ ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። አባቴ ግን ዓይናቸውን አበሱ።

እሷ ከላይ ሆና አየችው። ከዚያ መንጋጋዋን ሳታንቀሳቅስ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተች፣ «አባ፣ ዳዊት ኦርዮንም እኮ ከማስገደሉ በፊት ማዕዱ ላይ አቅርቦ አብልቶታል። አጠጥቶታል» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ።

«ልጄ፣ መጽሐፍ ለሙግት አይደለም» አሉ አባቴ።

«እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት፣ አባየ» አለች። ጉርሻውን መሶቡ ጠርዝ ላይ አኖረች፣ ተነሥታ እጇን ታጠበች፣ ወጣች። እናቴ በዓይኗ ተከተያት አለችኝ። ባጃጅ አስቁመን ወደ መናኸሪያ ስንሄድ እጄን ያዘችኝና፣ «ከመታኝ ይልቅ ያለቀሰው አስጠላኝ» አለችኝ። ወደ እብናት፣ ወደ ወላጆቿ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩ። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ዳዊትን ሁልጊዜ በወንጭፉ ነው የማስተምረው። የዚያን ሰሞን የቀረውን ለራሴ አነበብኩት። መጽሐፉ ለንጉሡ አያፍርለትም፤ የተበደለውን ሰው በስሙ ይጠራዋል። ነቢዩ ናታን ሲመጣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ምሳ በልቶ አልመጣም። ፊት ለፊት፣ ያ ሰው አንተ ነህ አለው። ዳዊትም ይቅር ከተባለ በኋላ ሰይፍ ከቤቱ አልራቀም። እኛ ግን ከታሪኩ ውድቀቱንና ይቅርታውን ብቻ ቆርጠን ወስደን፣ መሀሉን እንደ ገለባ በትነነዋል። በደለኛ ሲገኝ የቅዱሳኑን ኃጢአት እንደ ጋቢ እናለብሰዋለን። የተበደለችው ትበርዳለች።

ክረምቱ አልፎ የደብራችን ንግሥ ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ሲረጋጋ ማይክራፎኑን የያዘው ወንድሜ ነበር። ርእሱ የዳዊት ንስሐ። እኔም ወድቄ አውቃለሁ ሲል ድምፁ በሚያውቀው ቦታ ተሰበረ፤ ሕዝቡ እልል አለ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ክንዴን ያዘችና በሴቶቹ መሀል እየገፋች ይዛኝ ወጣች። በዕድሜዋ ሙሉ ታቦት ሳይገባ ወደ ቤት ስትሄድ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት።

አባቴ ሲመለሱ እናቴ በጓዳው በር ቆማ ጠበቀቻቸው።

«አምኖን እህቱን ትዕማርን ሲያዋርዳት ዳዊት ምን አደረገ?» አለቻቸው።

«ተቆጣ» አሉ አባቴ።

«ከዚያስ?»

አባቴ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ከዚያ ምንም» አሉ። «የበኩር ልጁ ነበረና ይወደው ነበር።»

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

በሳምንቱ፣ ሽማግሌ ሳያስከትሉ ብቻቸውን በሚኒባስ እብናት ሄዱ። ሲመለሱ ምን እንደተባባሉ እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው። የወንድሜ ሚስት ተነሥታ ተቀብላቸው፣ የእንግዳ ወንበር ሰጥታ አስቀምጣቸዋለች። ይቅር በይኝ ብለዋታል። እሷም፣ «እርስዎን ይቅር ብያለሁ። ግን ዘገዩ፣ አባየ» ብላቸዋለች። አልተመለሰችም። አሁን እዚያው ታስተምራለች፤ መንጋጋዋ በአንድ በኩል ጎበጥ ብሎ ቀርቷል።

አባቴ ለሰበካ ጉባኤው ልጄ ከእንግዲህ እንዳይሰብክ ብለው ተናገሩ። ጸጋ አለው፣ ሕዝቡ ይወደዋል ብለው እምቢ አሏቸው። አባቴ አገልግሎቱን ተዉ። ወንድሜም እስካሁን ይሰብካል፤ ከሌላ አጥቢያ ሳይቀር ይጠሩታል።

በገና ሰሞን ቤቴ መጣ። ምግብ አቀረብኩለት፣ በላ። ከበላ በኋላ፣ «አንቺስ ይቅር አትይኝም?» አለኝ። ዓይኑ እርጥብ ሆኖ ነበር።

«የበደልከው እኔን አይደለም። የበደልካት እብናት አለች» አልኩት።

«መንገዱ ተበላሽቷል አሉ» አለ።

ስለሚቀጥለው ስብከቱ ማውራት ሲጀምር ሳህኑን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ እስኪሄድም አልወጣሁም።