ገዋኔ ላይ ያቆምኳት መኪና

ከአዋሽ የተነሳሁት ሰመራ ሆስፒታል የተኛውን ታላቅ ወንድሜን ሙሉጌታን ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ይህቺን አሮጌ መኪና ከዓመት በፊት የሰጠኝ እሱ ነበር። ቆማ ካደረች ባትሪዋ ባዶ ይሆናል። ሁለት ባትሪ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። በፋሲካ ዘመድ በተሰበሰበበት «ለራሱ ያስቸገረችውን እኔ ላይ ጣለብኝ» ብዬ ተናገርኩ። ሙሉጌታ ተነስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም። ትናንት ሚስቱ አዜብ ደውላ «ኩላሊቱ እምቢ ብሏል፣ ቶሎ ና» አለችኝ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዋሽ

ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ ነቅዬ ማደር ልማዴ ነበር። በድንጋጤ ረስቼው ኖሮ መኪናዋ ጭራሽ ድምፅ የላትም። ጎረቤቶቼ ገፍተው አስነሱልኝ።

«መምህር፣ ሰመራ እስክትደርስ እንዳታጠፋት» አሉኝ።

አዋሽ አርባን ሳልፍ ጎህ ቀደደ። መንገዱ የጅቡቲ ከባድ መኪና ብቻ ነው። ግራና ቀኙ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ አልፎ አልፎ ፍየልና ግመል። በመስኮት የሚገባው አየር ገና በጠዋቱ ይፋጃል። ለሙሉጌታ የምለውን እያሰብኩ ነዳሁ፤ የረባ ቃል አላገኘሁም።

ሦስት ሰዓት፣ ገዋኔ

ቤንዚን ቀጂው «ሞተር ሳይጠፋ አልቀዳም» አለ። አጠፋሁ። ቁልፍ ባዞር አልነሳ አለች፤ መንገድ ላይ የሞላው ኃይል አልበቃትም። ዓሊ የሚባል፣ ጢሙን በሂና ያቀላ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠሩልኝ። የት እንደምሄድ፣ መኪናዋም የታመመው ወንድሜ እንደነበረች ነገርኩት።

«ገፍተን እናስነሳህ፣ ሂድ» አለኝ። «በሽተኛ ይቀድማል። መኪናውን ስትመለስ እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

እሺ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «የለም፣ ዛሬውኑ ፈልግልኝ» አልኩት። መኪናዋ የእውነት ችግር እንዳለባት አረጋግጬ መሄድ ፈለግሁ። ይቅርታ ልጠይቅ እየሄድኩ እንኳ ልክ ሆኜ መገኘት አማረኝ።

ዓሊ ትንሽ አምፖል በባትሪውና በገመዱ መካከል አገናኘ። ቁልፉ ተነቅሏል፣ በሩ ሁሉ ተዘግቷል፤ አምፖሉ ግን በራ።

«አየህ? ተደብቆ የሚጠጣ አለ» አለኝ።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ አምፖሉ አልጠፋም። ዲናሞውን ፈታ፤ ያው ነው። ዙሁር ደረሰና ሰግዶ ተመለሰ። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ላቤን እጠርጋለሁ። በመጨረሻ ከባትሪው ተነስቶ በምንጣፉ ሥር የሚሄድ ቀጭን ገመድ አገኘ። ገመዱ ኋላ ወንበር ሥር ወዳለች ትንሽ ሳጥን ይገባል። ሳጥኗ ሞቃለች።

«ይሄ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ነው» አለኝ። «ወንድምህ ስኳር አለበት?»

«አዎ።»

«እዚህ ሙቀቱ ኢንሱሊን ያበላሻል። መንገድ የሚበዛበት ሰው ትንሽ ማቀዝቀዣ ይሰካበታል። ማቀዝቀዣውን አውጥቶ ይሄን ረስቶታል።»

ገመዱን ነቀለው፤ አምፖሉ ጠፋ። እኔም አፈርኩ። አንድ ጊዜ ደውዬ «ምን ቀጥለህባት ነበር?» ብለው ያበቃ ነበር። ወንድሜ በዚህ ሐሩር መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያቆይ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ባትሪው ሞተር ለማስነሳት አቅም ስላልነበረው ያው ገፍተው አስነሱኝ። ሰባት ሰዓት ሆኗል።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ሰመራ

ሚሌንና ሎግያን እንዴት እንዳለፍኳቸው አላስታውስም። አዜብ የሆስፒታሉ በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ስምንት ሰዓት ላይ» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው ሲጠብቅህ ነበር። ‹መኪናዋ አስቸግራው ነው እንጂ አይቀርም› ይለኝ ነበር።»

መኪናዋን ለምን እንደሰጠኝም ነገረችኝ። ዓይኑ ደክሞ ሐኪም መንዳት ከልክሎት ነበር። ሽጣት ሲሉት «የወንድሜ ልጆች ትምህርት ቤት ይሂዱባት» ብሎ እምቢ አለ።

ሦስት ሰዓት ላይ ገፍተውኝ ብሄድ ስድስት ተኩል ላይ አጠገቡ እሆን ነበር።

አዋሽ

ከሠልስቱ በኋላ ቤቴ ገባሁ። መኪናዋ አሁን ጠዋት ጠዋት ወዲያው ትነሳለች። ጎረቤቶቼ «ከግፊያ ተገላገልን» ይሉኛል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር፣ ይቅርታ ሊጠይቅ የተነሳ ሰው ማስረጃ እንደማያስፈልገው ነው። እኔ ማስረጃዬን ይዤ ደረስኩ፤ ይቅርታዬን የሚቀበለኝን ግን በሕይወት አልደረስኩበትም።