ይመርን ያሰማሁት ክፍል

የመጀመሪያውን ምልክት ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ሰሊጥ እያጨድን ሳለ፣ ከምወደው ፖድካስት አንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለስሁት። ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ በሥራ ዘመናቸው የገጠማቸውን ክርክር የሚተርኩበት ዝግጅት ነው። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ነገሩ ግን አይገባኝም። ከሳሹ ከተከሳሹ ተምታታብኝ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ በሚያጭድበት ሀሩር እኔ በርዶኛል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ትኩሳት ይዟችሁ ካምፕ ውስጥ ለተኛችሁ፣ ወይም ከታመመ ሰው አጠገብ ለተቀመጣችሁ ነው። በሽታዬ ካላዛር ይባላል። ድኛለሁ። በአንድ ሰው ላይ ግን ቂም ይዣለሁ፤ ቂሜንም አልደብቅም። ይቅር ባይ ልብ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ጽሑፍ ይፈልግ።

ሞላ እባላለሁ፤ ጎጃሜ ነኝ። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ ቆላ እወርድ ነበር። እርሻው ላይ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል፤ ወደ ድንበሩ ስትጠጉ ደግሞ ስልኩ የሱዳኑን መስመር ይይዝና ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ከመውረዴ በፊት ጎንደር ከተማ ሁለት ቀን እቀመጥና ሚሞሪ ካርዴን በፖድካስት እሞላለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ አልጭንም። ከብዙ ሰምቼ ጥቂት አስቀራለሁ። ስለ ድሮ ገበያዎች የሚያወሩ ሁለት ጓደኛሞች፣ ስለ አፈርና ስለ ዘር የሚያስረዳ አንድ የእርሻ ባለሙያ፣ በየሳምንቱ አማቷን የምታማ አንዲት አስቂኝ ሴት፣ እኒያ ዳኛ። ካምፕ ስደርስ የሥራ ጓደኞቼ ካርዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ እገለብጥላቸዋለሁ። አንዱ ትንሽ ስፒከር ወገቡ ላይ ያስርና መስመር ሙሉ አጫጅ እየሰማ ይሠራል።

ከእኛ መካከል ፊደል ያልቆጠረ ብዙ ነበር፤ የፋይሉ ስም አይጠቅመውም። በዚህ ምክንያት ከእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ላይ በራሴ ድምፅ አጭር መግቢያ እቀዳ ነበር። ምን እንደሆነ፣ ለምን ቢሰማ እንደሚበጅ እናገራለሁ። ሰዎች ከዝግጅቱ ይልቅ መግቢያዬን ያምኑ ነበር። «ሞላ ካለው ጥሩ ነው» ይባላል። ይህ ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ብቻ ሳይሆን ያኮራኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ከጫንኋቸው መካከል አንዱ የባህል ሐኪም ነኝ የሚል ሰውዬ ዝግጅት ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙን መጻፍ ለእሱ ማስታወቂያ መሥራት ነው። በዋሽንት ይጀምራል። ድምፁ ወፍራም፣ አነጋገሩ የተረጋጋ፣ አባት የሚመክር ይመስላል። «ጣፊያ ሲያብጥ» የሚል ክፍል አለው። ጣፊያ ያበጠበት ሰው ሐኪም ቤት ቢሄድ የሚወጉት መርፌ ልቡን እንደሚያቆመው፣ መራራ ሥር ቀቅሎ ቢጠጣ ግን እብጠቱ እንደሚሟሟ ይናገራል። መጨረሻ ላይ የሚሸጠውን ዱቄት ያስተዋውቃል። ያን ጊዜ ይህ መጨረሻ ምንም አልነገረኝም።

ቆላ የወረደ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ወባ ነው ብሎ ይደመድማል። እኔም ኪኒን ገዝቼ ዋጥሁ። ሲመለስብኝ ደግሜ ዋጥሁ። የሰሊጡ ፍሬ ተከፍቶ መርገፍ ከጀመረ ልፋቱ ሁሉ መሬት ስለሚቀር፣ በአጨዳ ሰሞን ሥራ ጥሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ የለም። ሰሊጡ ተነሥቶ ማሽላ ላይ ስንደርስ ክንዴ ቀጥኖ ነበር። ሆዴ ግን በግራ በኩል አብጦ ቀበቶ አላስር አለኝ።

ይመር የታመመው ከእኔ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ በሁለት ዓመት አብሮነት እንደ ታናሽ ወንድሜ ሆኖ ነበር። ያለፈውን ዓመት አረም ስንሠራ ከአንድ ግራር ሥር፣ የተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት ላይ ያለ አጎበር ጎን ለጎን ተኝተናል። የእሱ ትኩሳት ከእኔ ባሰ። አፍንጫው ይደማ ጀመር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠና ወደ ሐኪም ቤት መሄድ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔ ቆይ አልሁት። አንድ የምትሰማው ነገር አለ አልሁት። ያንን የጣፊያ ክፍል ወደ እሱ ካርድ ስገለብጥ፣ እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ መግቢያ ቀዳሁ። እሱም እዚያው ነበር።

ሥሩን ሃያ ቀን ጠጣን። እኔ ነበርሁ የምቀቅለው።

ካቦአችን ጋሽ ፈንታ የጎንደር ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ይመር ሊነሣ ሲል ወደቀ። ጋሽ ፈንታ ሁለታችንንም አይተው ማሰሮውን ደፉት።

«ስንት ኪኒን ውጣችሁ ያልተዋችሁ ወባ፣ ወባ አይዶለም» አሉ። «ተነሡ፣ ትራክተሩ ላይ ውጡ።»

በተሳቢው ላይ ኮኪት ደረስን። ከዚያ በመኪና የካላዛር ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወሰዱን። ወጣት ዶክተር ነበር። ሆዴን ዳስሶ የጣፊያዬን ጠርዝ በእስክሪብቶ አሰመረ። መስመሩ እምብርቴን አልፎ ሄደ። የወባ ምርመራው ነጻ ነው አለኝ። ታዲያ ምኔን ነው የሚያመኝ ብዬ ጠየቅሁት።

«እስካሁን አላውቅም» አለ። «ጣትህን ወግተን እናያለን።»

ተናደድሁ። ሰውዬው በዚያ ሁሉ ክፍል አንድ ጊዜ እንኳ አላውቅም ብሎ አያውቅም። ይህ ዶክተር አላውቅም ይለኛል።

ከጣቴ ደም ወስደው አርኬ 39 የሚባለውን ፈጣን ምርመራ ሠሩ። ሁለት መስመር ወጣ። ካላዛር። የይመርም ሁለት መስመር። በሽታ አምጪውን ፓራሳይት የሚያስተላልፈው አሸዋ ዝንብ የሚባል ትንሽ በራሪ ነፍሳት እንደሆነ፣ የነከሰንም ምናልባት አምና ግራሩ ሥር እንደሆነ ዶክተሩ አስረዳን። የይመር ፕላትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው፣ በጣም ወርዶ ነበር። ደም ሰጡት።

«ይህን ያህል ጊዜ ለምን ቆያችሁ?» አለ ዶክተሩ።

 ይመር ወደ እኔ አየ።

«ሥራ በዛብን» አለ።

በማግስቱ ሁለታችንም መርፌ ጀመርን። ይመር ሳምባ ምችም ተገኘበት። ኦክስጅን አደረጉለት። ድዱ ደማ። በሦስተኛው ቀን እጁን ያዝሁት። «አብሽር» አለኝ። እኔን ነው የሚያጽናናው። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈ። አልጋው ከእኔ አልጋ ሁለት ክንድ አይርቅም። አንሶላውን ሲለውጡ አየሁ።

ሕክምናው አሥራ ሰባት ቀን ነው። ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ በመርፌ ይሰጣሉ። ያማል፤ አልዋሻችሁም። መቀመጫዬ ጠጥሮ በጎኔ እተኛ ነበር። ልቤን በኢሲጂ ይከታተሉ ነበር፤ አልቆመም። በእያንዳንዱ መርፌ ጥርሴን ስነክስ የማስበው ያንን ሰውዬ ነው። ቂም እንደ ምግብ ሆኖልኝ ነበር። ገንፎው ባይወርድልኝም ቂሙ ይወርድልኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ደወልሁለት። ቁጥሩን በየክፍሉ መጨረሻ ይናገረዋል። በዚያው ወፍራም ድምፅ አነሣ። ክፍሉን ሰምቼ እንዳመንሁት፣ ጓደኛዬ እንደሞተ ነገርሁት። 

«እምነት ጎድሎት ይሆናል» አለኝ። «ለእርስዎ ግን ዱቄቱን እልክልዎታለሁ።»

ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማድረግ ያለብኝን አወቅሁ።

ትኩሳቱ የለቀቀኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የተመለሰልኝ ረሃብ ነበር፤ ቀጥሎም ጆሮዬ ተመለሰ። ያቋረጥሁትን የዳኛውን ክርክር እንደገና ከፍቼ እስከ ፍርዱ ድረስ ስሰማ ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደሆነ ሳልስት በመጨረሴ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎረቤቶቼ ምን እንዳሳቀኝ ሲጠይቁኝ የስልኬን ስፒከር ከፈትሁላቸውና ከአብርሃ ጅራ የመጡ ሁለት አጫጆችና አንድ የሳንጃ ገበሬ በፍርዱ ሲከራከሩ ዋሉ። እንደ ድሮው ምረጥልን ይሉኝ ጀመር። አሁን ግን መምረጫዬ ተለውጦ ነበር። አንድን ዝግጅት ለሰው ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ፦ የሚናገረው ሰው ከየት እንዳገኘው ይናገራል ወይ፣ አንዳንዴ አላውቅም ይላል ወይ፣ መጨረሻው ላይ የሚሸጥልኝ ነገር አለ ወይ። ዳኛው ስንት ጊዜ «በዚህ ፍርድ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» እንዳሉ የቆጠርሁት ያኔ ነው።

በዋርዱ የምትሠራ አንዲት ሲስተር፣ ለአዲስ ሕመምተኛ ሁሉ ተመሳሳይ ምክር ሳትሰለች የምትደጋግም፣ ድምፅዋን እንድቀዳ ፈቀደችልኝ። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈና ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም በግራ ጎን እብጠት ካለ፣ የወባ ኪኒን መደጋገሙን ትታችሁ የካላዛር ምርመራ ይደረግልኝ በሉ ትላለች። ግራር ሥርና ኩይሳ አጠገብ አትተኙ፣ በአጎበር ተኙ ትላለች። መርፌው እንደሚያም ትናገራለች፤ መዳን እንዳለውም ትናገራለች። ምንም አትሸጥም።

በሚቀጥለው ሐምሌ ሠራተኛው ለአረም ሲወርድ ኮኪት ላይ ጠበቅሁት። ለመሥራት ገና አቅም አልነበረኝም፤ ካርድ መሙላት ግን እችላለሁ። የመጣልኝን ካርድ ሁሉ ከፍቼ ሰውዬውን ፈለግሁት። ብዙዎቹ ላይ ነበር፤ ከስልክ ወደ ስልክ ተሻግሮ እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ዘንድ ደርሷል። ለባለቤቶቹ ነግሬ አጠፋሁት። ማጥፋት ግን አላረካኝም። ከክፍሉ መጀመሪያ ዋሽንቱን ብቻ አስቀርቼ የሲስተሯን ድምፅ ቀጠልሁበት። ዋሽንቱ አልቆ የሰውዬው ድምፅ ሊመጣ ሲል ሲስተሯ ትናገራለች። ሰዎቹ ያንኑ ክፍል እየመሰላቸው እርስ በርስ ይቀባበሉት ጀመር። ለክትትል ሆስፒታል ስመለስ ዶክተሩ አንድ ነገር አጫወተኝ። ትኩሳት በጀመራቸው በሦስተኛው ሳምንት የመጡ ሰዎች ማን ላካችሁ ሲባሉ የባህል ሐኪሙ ነው አሉት። ከታመምሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም። የሰውዬውን ዋሽንት ሰርቄ ሰውዬውን አሠራሁት። አልጸጸትም።

ነሐሴ ላይ የይመር ታላቅ ወንድም ኮኪት መጣ። የይመርን ስልክ ጋሽ ፈንታ አስቀምጠውለት ነበር። እኔን አፈላልጎ አገኘኝና ስልኩን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ይመር ሲደውልለት ስለ ምርጫዬ እንዳወራለት፣ ለእሱም የሚሰማ ነገር እንድሞላለት ነገረኝ። ያንን ክፍል ለይመር ያሰማሁት እኔ መሆኔን አያውቅም። የሚያውቀው ምርጫዬን ብቻ ነው።

ካርዱን ከፈትሁት። ክፍሉ አለ። ማጥፋት እችል ነበር፤ እስካሁን ስንቱን አጥፍቻለሁ። ጣቴ አልታዘዝ አለ። ምን እንዳደረግሁ ነገርሁትና ተጫወት የሚለውን ነካሁት።

ዋሽንቱ አልነበረም የቀደመው። የእኔ ድምፅ ነው። ደስ ያለው፣ የኮራ ድምፅ። «ይህን ሳትሰማ የትም አትሂድ፤ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው» እላለሁ። ከጎኔ አንድ ሰው ያስላል። ከዚያ ድምፁ ይሰማል፣ የወሎ ድምፅ።

«አንተ ካልህ እሰማለሁ፣ አያ ሞላ።»

ወንድሙ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ። እንደገና አድርገው አለኝ። ሦስት ጊዜ አደረግሁለት። በቤታቸው ከይመር ድምፅ የቀረ ሌላ ቅጂ አልነበረም።

«ሰውየውን ቁረጠው» አለኝ። «የእናንተን ድምፅ ተውልኝ።»

አልረገመኝም። ይቅር አላለኝምም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ጋሽ ፈንታን ማሰሮውን ስለደፉ አመሰግናለሁ። ዶክተሩን አላውቅም ስላለኝ፣ ሲስተሯን ስላልሰለቸች አመሰግናለሁ። ለናንተ የምመክረው ሲስተሯ ያለችውን ነው፤ ከእሷ የተሻለ የለኝም። የምጨምረው አንድ ብቻ ነው፦ የምታምኑት ሰው ስለ ሕመም አንድ ነገር ስሙ ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ተመርመሩ፣ ከዚያ ስሙ። እኔም ብሆን።

በሰውዬው ላይ ያለኝ ቂም አልበረደም፤ ዋሽንቱን ባገኘሁበት ሁሉ ሰውዬውን እየቆረጥሁት ነው። አሁንም ሰዎች ካርድ ያመጡልኛል፤ አሁንም እመርጣለሁ። ለሰው አንድ ክፍል ከመስጠቴ በፊት ግን ለራሴ ያስቀረሁትን ቅጂ እከፍታለሁ። ሰውዬው እዚያ ላይ የለም። ያለነው ይመርና እኔ ነን።