ለአሥራ ሁለት ቀን የቆመው ማሽን

የክር ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ «ጋሼ ዛሬ» የሚል ስም የወጣለት ያለ ነገር አልነበረም። ማሽን ይታደስ ቢሉት፣ ሠራተኛ ይሠልጥን ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ «እስቲ ዛሬን እንለፋት፤ ነገ ለራሱ ያውቃል።» ሰንፎ አይደለም። በየሦስት ወሩ ቦርዱ ፊት ቆሞ ስንት ኪሎ ክር እንደወጣ ይጠየቃል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለት ሥራ አስኪያጆች ቁጥሩ ሲያንስ ነው የተሸኙት።

ማሽኖቹ ላይ መቆጣጠሪያ ተገጥሞ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሲሆን ደግሞ ባሰበት። ድሮ በወር አንዴ ያየው የነበረውን ቁጥር አሁን በየደቂቃው በስልኩ ያየዋል። እራት ላይ እንኳ ዓይኑን አይነቅልም።

«ለስልኩም ሳህን ላምጣለት?» አለችው ሚስቱ። ልጃቸው ሳቀች፤ እሱ ግን አልሰማም።

እንዲህ ሁለት ዓመት ከሄደ በኋላ፣ አንድ ጠዋት የጥገና ክፍል ኃላፊዋ ቢሮው ገባች። ጆሮዋን ማሽን ላይ ለጥፋ በሽታውን ስለምታውቅ ሠራተኛው «ሐኪሟ» ይላታል። አራተኛው መፍተያ ማሽን ይታደስ ብላ ስትወተውት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብላ ኖራለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ልለምንዎት አልመጣሁም፤ ላሳይዎት እንጂ» ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። «እርስዎ የሚያዩት የዛሬዋን ቁጥር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሁለት ዓመቱን ሁሉ ይዞታል።»

ማሽኑ የተንቀጠቀጠው ሁሉ በአንድ መስመር ተስሏል። መጀመሪያ ሜዳ፣ ኋላ ዳገት። በየሦስት ወሩ መጨረሻ፣ እሱ «እንዳታቆሙት» ባለ ማግስት፣ መስመሩ ወደ ላይ ይዘላል።

«የኔ ሥራ ነው በይኛ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ምን አልኩ? መስመሩ ነው ያለው።»

ወደ መስመሩ ጠጋ ብሎ አየ። «ባይታደስስ?»

«ዓመት አይደፍንም። አንዴ ከተሰበረ ሦስት ወር ይቆማል። አሁን ብናድሰው ግን አሥራ ሁለት ቀን ይበቃናል።»

ያንኑ መስመር በወረቀት አትሞ ቦርዱ ፊት ቀረበ። «በዚህ ሩብ ዓመት ምርታችን ይቀንሳል። የምቀንሰውም እኔው ነኝ» አለ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምርት ልቀንስ ብሎ የሚለምን ሥራ አስኪያጅ ገና ዛሬ አየሁ!»

ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ። አንዳንዱ አጉረመረመ። በመጨረሻ «ይሁን፤ ግን አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ሥራ መጀመሩን እንስማ» አሉት።

ሐኪሟና ባልደረቦቿ ማሽኑን ብሎን በብሎን ፈትተው ገጠሙት። በቀኑም ክሩ ሳይበጠስ መውረድ ጀመረ። የሩብ ዓመቱ ቁጥር አነሰ፤ ወቀሳውም አልቀረለትም፤ ቻለው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን አራተኛው ማሽን ከሁሉም የበለጠ ክር አውጥቶ ተገኘ።

አሁን ሰኞ ሰኞ ሁለቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው የመጪዎቹን ዓመታት ሥራ ያቅዳሉ። ባለፈው ሰኞም ሲጨቃጨቁ አረፈዱ። እሷ ስድስተኛውን ማሽን ለከርሞ እናድሰው ስትል፣ እሱ «ኧረ ምን አስጠበቀን! ዘንድሮ ይሁን እንጂ» ብሎ ሙግት።