ጎርፍ አባራሪው

ኑሀ እባላለሁ። ከሮቢት ከተማ በላይ ካለው ጉብታ አናት ላይ ቤት የሠራሁት በአስፋልቱ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያየኝ ብዬ ነው። መታየቱንስ ታየሁ። የጉብታው አፈር ግን ስስ ነው፤ ሥሩ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ ሳይሰርግ ይወርዳል፤ የሚበቅለውም ጉልበት የማይደርስ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። እኔ ግን "እስከ ዛሬ ጎበዝ አልነካውም ማለት ነው" ብዬ ማንጎ ተከልኩበት።

የአገሬ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳው ውስጥ ያስገባል። እኔ ብልጡ፣ ቤቴን እንዳይነካብኝ ብዬ ቦይ ቆፍሬ የክረምቱን ውሃ በሙሉ ቁልቁል ሸኘሁት። በጋ ሲገባ ደግሞ በአህያ ጭኜ ሽቅብ ውሃ ማመላለስ ጀመርኩ። አህያዋ እንኳ ሳትታዘበኝ አልቀረችም። ማንጎው ደረቀ። እልህ ይዞኝ ሌላ ተከልኩ፤ እሱም ደረቀ።

የቦዩ ውሃ የሚተኛው ከጉብታው ሥር፣ ጥልቁ ጥቁር አፈር ላይ ነው። ስቆፍርም ሆነ ስጠርግ ከገበያ ያመጣሁትን ቁርቁራ እየበላሁ ዘሩን እዚያው ቦይ ውስጥ እተፋ ነበር። ዛሬ እዚያ ታች የቆሙት የቁርቁራ ዛፎች እኔንም፣ አህያዋንም፣ ግማሽ ሰፈሩንም ያስጠልላሉ።

ባለፈው ባለቤቴ ሰይዳ ምሳዬን እዚያው ጥላው ሥር አመጣችልኝ። ቀና ብላ ራቁቱን የቀረውን ግቢያችንን አየችና፣

"አልሐምዱሊላህ" አለች። "የተከልከው ባይጸድቅም የተፋኸው ጸድቋል።"

መልስ ልሰጣት ነበር፤ አፌ በቁርቁራ ተሞልቶ ነው እንጂ።